ለእኔ ብቻ የምትጮኸው ዝይ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዛሬ ልብስ አጠብኩ። ሾርባ ሠራሁ። ከአሻንጉሊት ተደበቅሁ።

የልብሱን ቅርጫት ይዤ በሳሎን ሳልፍ፣ "ሃሎ ሃሎ! ያለ ካፒቴን የት ይኬዳል?" አለችኝ። ቅርጫቱ ከእጄ አመለጠ። ደረቷ ውስጥ ሰው ሲያልፍ የሚያውቅ ነገር አስገብተውባታል። ስመለስም ያው... "ሃሎ ሃሎ!" በሦስተኛው በጓሮ ዞሬ ገባሁ። በገዛ ቤቴ! በዚህ ብርድ!

ካፒቴን ኳኳ ትባላለች። ሰማያዊ ቆብ ያደረገች ዝይ፣ ቁመቷ እስከ ጉልበቴ። ማን ገዛት? እኔ። ማንን ልውቀስ?

ካሪንና ቲሊ እኔ ጋ ከገቡ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። ከበላያቸው ያለው ቤት ቧንቧው ፈንድቶ ጣሪያቸው ወርዷል። ልጄ ትራቪስ ደግሞ እስከ ጃንዋሪ የጭነት መርከብ ላይ ነው፣ ሐይቅ ለሐይቅ እየዞረ ለመርከበኛው ሁሉ ምግብ ያበስላል። ሚስቱና ልጁ የት ይግቡ ታዲያ?

ካሪን፣ ምራቴ፣ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ቲሊ ግን ትሰማለች፤ ሐኪሙም ደህና ናት ብሏል። ዓመት ከአሥር ወሯ ነው። ከአፏ አንዲት ቃል አልወጣም። ዝይዋን የገዛሁት ለዚህ ነው... ቤት ውስጥ የሚያወራ ነገር ይኑር ብዬ። ካሪን ለምን እንደገዛሁ አልገባትም መሰለኝ። ወይስ ገብቷታል?

ለማንኛውም ያሰብኩት ሌላ፣ የሆነው ሌላ። ካሪን አትሰማት። ቲሊ ትወዳታለች። ቀኑን ሙሉ የምትጮኸው ለእኔ ብቻ ነው። እግዜር ሲፈርድ እንዲህ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ጎረቤቴ ቬርና መጣች። በዱሉዝ ከተማ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ከተጣሉት ሰዎች ቀድማ የምታውቀው ቬርና።

"ስሚ ሎሬታ፣ ያ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ፣ ሚስቱን በገዛ መኪናዋ ጭኖ..."

"እቀፉኝ! እቀፉኝ! እቀፉኝ!" አለች ካፒቴን።

ቬርና በብስኩቷ ታነቀች። ሰውዬው ሚስቱን ጭኖ የት እንዳደረሳት እስካሁን አልሰማሁም።

ትንፋሿ ሲመለስ ዓይኗ ቲሊ ላይ አረፈ። "የእኛ ኦወን እኮ እኩያዋ ነው። እስከ አሥር ይቆጥራል። ገና ከመኪና ሳይወርድ 'አያቴ! አያቴ!' ነው። ያንቺዋ ምን ትልሻለች?"

"በይ ቆይ፣ ብስኩት ልጨምርልሽ" አልኳት።

ከሄደች በኋላ ግን አሰብኩት። እውነት ምን ትለኛለች? አገጬን ትይዛለች፣ ያ ነው። በሁለት እጇ፣ ሙዝ በተለቀለቀ እጇ፣ ፊቴን ወደ ራሷ ታዞራለች። ስልክ ላይ ልሁን፣ ሽንኩርት ልክተፍ፣ ግድ የላትም። ካዞረችኝ በኋላ ጣቶቿን ታወናጭፋለች። "እሺ የኔ ቆንጆ" እላትና ወደ ሽንኩርቴ።

ሥርዓት ያስፈልጋታል ይህቺ ልጅ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ካሪንን ስመለከት ዋልኩ። ወሬ ቢከለከል ማየት አይከለከል።

ከኋላዋ ገብቼ ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ ዞር አለች። የእንጨቱ ወለል ይነግራታል። ምድጃው ላይ የተጣደው ሊገነፍል ሲል ሽታውን ለይታ ቀደመችኝ። እኔ ከጎኑ ቆሜ!

ከሰዓት በኋላ በመተላለፊያው ስታልፍ የዝይዋን ሆድ በመዳፏ ነካ አደረገች፣ ንዝረቱን አዳመጠች፣ ከዚያ ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየችኝ። "እማማ ሎሬታ፣ ካፒቴን ዛሬ ደክሟታል። ባትሪ ልቀይርላት?"

በመዳፏ! እኔ ባለጆሮዋ መድከሟን አላወቅሁም። አይ፣ ተያት፣ ትረፍ ልላት ነበር... ሳልጽፍ ቀየረችው።

ማታ ራት ሳይቀርብ ለቲሊ መጽሐፍ አነበበችላት። ማንበብ ይባላል? በእጇ፣ በትከሻዋ፣ በቅንድቧ። ድቧ ከክረምት እንቅልፏ ስትነሳ፣ ስታዛጋ፣ ጀርባዋን ከዛፍ ስታክክ። ቲሊ አፏን ከፍታ። እኔም በር ላይ ማሰሮ ታቅፌ። ድቧን ዓሣው ሲያመልጣት "ውይ!" አልኩ። ለካ ተረቱን እየተከተልኩ ኖሯል...

ልጄ ሚስት መምረጥ ያውቃል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

ትላንት ለሃሎዊን ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ሊለምኑ የመጡትን ልጆች በሙሉ ካፒቴን በር ላይ ተቀበለቻቸው። "ጓደኛዬ ማነው? ጓደኛዬ ማነው?" አጽም ለብሶ የመጣ አንድ ትልቅ ልጅ ከረሜላውን ጥሎ ሮጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኳት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ዛሬ ያየሁትን እንዴት ልጻፈው።

ቲሊ ዝይዋን ደረጃው ላይ አስቀመጠቻት። ትከሻዋን መታ መታ አደረገች፣ እናቷን ስትጠራ እንደምታደርገው። ከዚያ ጭብጧን አንዴ ጨበጥ አንዴ ለቀቅ፣ ላም እንደሚያልብ ሰው። ይህቺን እኔም አውቃታለሁ... ወተት ናት።

"ዛሬ የት እንብረር?" አለች ካፒቴን።

ቲሊ የዝይዋን ምንቃር በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረቻት። ወተት።

"አንድ! ሁለት! ሦስት! ዋው!"

እንደገና አዞረቻት። ወተት። ጠበቀች። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው! ዝይዋ ዘፈነች። ቲሊ እስከ መጨረሻው አየቻት፣ ከዚያ ራሷን ዳበስ ዳበስ አደረገቻት... ልቡ ደግ ሆኖ ነገር የማይገባውን ሰው እንደምናደርገው... ተነሥታ ወደ እናቷ ሄደች። እዚያ ወሬው በእጅ ደራ። ወተት። ሙቅ? አይ። በየትኛው ኩባያ? በዚያ። በዚህ? አይ፣ በዚያ! ወተቱ መጣ።

እኔ ፎጣ እያጣጠፍኩ ነበር። ፎጣው እጄ ላይ ቀረ።

አገጬን የያዘችኝ መቼ ነው? ዛሬ አልያዘችኝም። ትላንትም። ባለፈው ሳምንትስ? መቼ እንደተወችው እንኳ አላስተዋልኩም። ጠዋት አጠገቤ ስታልፍ ምን አደረገችኝ? ክንዴን ዳበስ ዳበስ አድርጋኝ ወደ እናቷ።

እንደ ዝይዋ። ልክ እንደ ዝይዋ!

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ። በመጨረሻ ስልኩን ለካሪን ሰጠኋት። "ቲሊ ስለ እኔ ተስፋ ቆርጣለች?"

አነበበችው። አልሳቀችም። አይ፣ እንደዚያ አይደለም ብላ አላባበለችኝም። ይህን ወደድኩላት።

"ትንሽ አዎ" ብላ ጻፈች። "መልስ ካላገኘች ትተዋለች። ግን ልጅ ናት፣ ቂም የላትም።"

ከዚያ የቲሊን የእጅ ቃላት አሳየችኝ። ውሻ። ጫማ። በረዶ። ትኩስ ነው። አባባ። መርከብ። ጨረቃ! በቤቴ ውስጥ ስለ ጨረቃ ሲወራ ከርሟል፣ እኔ የለሁበትም! እኔ ሎሬታ፣ ወሬ የማያመልጠኝ!

"ምነው ሳትነግሪኝ?" ብዬ ጻፍኩ።

"ነግሬዎታለሁ። በበጋው፣ ሐይቁ ዳር፣ ትራቪስ እያስተረጎመ። መሃል ላይ ስለ ድንች ሰላጣው አነሱ።"

አነሣሁ እንዴ? አንስቻለሁ። ሰላጣው ደግሞ ጥሩ ነበር...

"ከወተት እንጀምር" አልኳት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ጣቶቼ እንጨት ናቸው። ካሪን አንድ በአንድ ይዛ ታቃናቸዋለች። እንዴት ያለች አስተማሪ ናት! ስሳሳት ዓይኗን አታንከባልልም፤ ቅንድቧን ብቻ ከፍ ታደርጋለች፣ "እርግጠኛ ነዎት?" እንደማለት።

ዋናው ነገር ግን እጅ አይደለም አለችኝ። ዓይን ነው። ዓይን ለዓይን ካልተገናኘ ወሬ የለም። ዕድሜ ልኬን ለሰው ጀርባዬን ሰጥቼ ድስት እያማሰልኩ ሳወራ የኖርኩ ሴት! ለካ ቲሊ አገጬን የምትይዘው በብልግና አልነበረም። ሥርዓት ያጣሁት እኔ ነበርኩ።

የምለማመደው ከካፒቴን ጋር ነው። ሌላ ማን ይታገሠኛል? ፊቷ ቁጭ እልና፣ ጫማ፣ ጫማ፣ ጫማ... "ዋው! ጎበዝ!" ትለኛለች። በዚህ ቤት ያለ ስስት የሚያሞግሰኝ እሷ ብቻ ናት። ባትሪዋን ዛሬ ራሴ ቀየርኩላት።

ቲሊን ወተት አልኳት። እጄን አየችው። ፊቴን አየችው። ከዚያ ኩባያዋን አንሥታ... ለእናቷ ሰጠች።

ይሁን።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

የምስጋና ቀን። የቱርክ ዶሮው ትንሽ ደረቀብኝ፣ ቀዩ የክራንቤሪ ፍሬ ስልስ ግን አላሳፈረኝም።

ትራቪስ ከመርከቡ በቪዲዮ ደወለ። ከኋላው ትልልቅ ድስት ሁሉ ይንተከተካል። "እማ! እንዴት ነው፣ ዝይዋ አላሳበደችሽም?"

ስልኩን ማሰሮ ላይ አስደግፌ ሁለት እጄን ነጻ አደረግሁ። የቱርክ ዶሮ። ደረቅ። ካሪን። በላች። ጎበዝ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ? ሃሎ?" ስል ዞሮ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። "ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው እማ።"

"ተው አንተ! ምን ሽንኩርት? የማየው ሊጥ ነው!"

ካሪን ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሳቋን ቀርቤ አልሰማሁትም ነበር እስከዛሬ። ከሆድ የሚመጣ፣ ትልቅ ሳቅ ነው።

ቲሊ እጆቼን አየቻቸው። ረጅም ጊዜ። ምንም አላለችኝም። ማየቷም አንድ ነገር ነው... ነው አይደል?

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ቲሊ ዛሬ "ዋው!" አለች። በአፏ። ልክ በካፒቴን ኳኳ ድምፅ፣ በዚያው ዜማ።

የመጀመሪያ ቃሏ። ዝይዋን የገዛሁለት ቃል። በኦክቶበር ቢሆን ጣሪያ ላይ ወጥቼ እጮህ ነበር። ለካሪን ነገርኳት፤ ተቃቀፍን፤ ዝይዋንም አመሰገንናት። ቬርና ማታ ደወለች፣ ስለ ልጇ መኪና አወራን፣ ሳልነግራት ዘጋን። ረሳሁት። እውነት ረሳሁት!

ደስ ብሎኛል። ግን የምጠብቀው ሌላ ነው። ትምጣና ወተት ትበለኝ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሮ እስከ መስኮቱ ደርሷል። የአፓርታማው ጣሪያ አለቀ ብለው ደወሉ። ካሪን አነበበችው፣ ስልኩን አስቀመጠች፣ "ትራቪስ እስኪመጣ እዚሁ ብንቆይስ?" አለችኝ፣ በእጇ፣ ቀስ ብላ። ሁለቴ አላስደገምኳትም።

ከዚያ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ካሪን ሳሎን ወለሉ ላይ ካልሲ ታጣምራለች። ቲሊ መስኮቱ ጋ።

ቀሚሴን የሚጎትት ነገር ተሰማኝ። ቲሊ ናት። እናቷ እዚያው አጠገቧ ሆና፣ አልፋት፣ ሳሎኑን ሁሉ አቋርጣ፣ ወደ እኔ። ውኃውን ዘጋሁ። እጄን አደረቅሁ። ጉልበቴ እየጮኸ ቁጢጥ አልኩ። አየኋት።

ጭኗን መታች። ውሻ።

ውሻ? የት?

ወደ መስኮቱ ጠቆመች። ጣቶቿን ከላይ ወደ ታች አረገፈች፣ በረዶ። ከዚያ ሁለት ጣቷን መዳፏ ላይ አቆመች፣ እንደ እግር፣ እና... ዘፍ!

ውሻው ወደቀ?

አይ! ራሷን ነቀነቀች፣ ተቆጣችኝ፣ ልክ እንደ ሟች እናቴ። ግንባሯን ነካች። ሰውዬ። ሰውዬው። ዘፍ!

መስኮቱ ጋ ሄድኩ። የቬርና ባል ሩዲ! በረዶው ክምር ውስጥ እስከ ወገቡ ተቀምጦ፣ ሁለት እግሩ ወደ ላይ፣ ውሻው ፊቱን ይልሰዋል። ምንም አልሆነም፤ የሚሳደበው በመስታወቱ ይሰማል። ባርኔጣው ለብቻው መንገዱ መሃል።

እንዲህ ስቄ አላውቅም። ቲሊ አገሯን እንዳስከበረች ሴት ቆማለች። እንደገና፣ አልኳት። እንደገና ነገረችኝ። ውሻ ጎተተ። ሰውዬ። ዘፍ! ሦስተኛውን ስትነግረኝ ዘፍታው ከመጀመሪያው በጣም ከፍ ብሎ ነበር። የእኔ ደም ናት፣ ምን ጥርጥር አለው!

ካሪን ጋ ሄድኩ። ወለሉን በእግሬ መታሁ፣ ቀና አለች። ሞቅ ያለ ወሬ ይዤ መጣሁ፣ በእጄ። ውሻ። በረዶ። ሩዲ። ወደቀ።

ካሪን ካልሲውን ጣለችው። አይ! እውነት? ተጎዳ?

ደህና ነው፣ ደህና ነው ልል እጄን ሳነሣ ቲሊ መሃላችን ገባች። አንጓዬን ይዛ አስቆመችኝ። ባርኔጣውን ረስቼ ነበር። ራሷን መታ መታ አድርጋ ባርኔጣውን ጨመረችበት፣ ከዚያ እጄን ለቀቀችልኝ፣ እንድቀጥል።