የእሁድ ተራ

ገርጂ፣ ሐምሌ ፭ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ እናት፣ ለእኔም እንደ ወላጅ ለሆኑኝ፤

በደሌን አስቀድሜ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የእናትን ጤና ሳይጠይቁ ወሬ መጀመር ነውር ነው። እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎንስ እንዴት አደረገዎ? የደብረ ሲና ጭጋግ በክረምት እንደሚጠናብዎ አውቃለሁ። እኔና የልጅ ልጅዎ ተናኜ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

አስጽፈው የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። «የልጄን ሙት ዓመት እዚያው አውጡ፤ በምን ሃይማኖት እንደሞተች ያላወቅኋትን ልጅ ለካህን ስሟን መጥራት አልችልም» ብለውኛል። አልተቀየምኩም። በአርባዋ ዕለት ያ ሁሉ ሰው በተቀመጠበት ተናኜ «እማዬ እኮ ቤተ ክርስቲያን አትወድም ነበር» ስትል በጆሮዎ ሰምተዋል። እህል ሳይቀምሱ ተነሥተው መሄድዎንም አልረሳሁም። ልጅቷ አልዋሸችም፤ የተነገራትን ነው የተናገረችው። የነገርኳት እኔ ነኝ። የነገርኳትም ሐሰት ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

ከሥሩ ልንገርዎ። ተናኜ ገና ከጡት ሳትወርድ ወደ እኔ ያደላች ልጅ ነበረች። ከእናቷ እጅ ጉርሻ አትቀበልም፤ ያንኑ እንጀራ ያንኑ ወጥ እኔ ሳጎርሳት ትውጣለች። እናቷ ጸጉሯን ልታበጥር ስትይዛት ሰፈሩን በጩኸት ታናውጥና እኔ ጉያ ትገባለች። እኔም «ተያት፣ ነገ ትበጠራለች» እላለሁ። ነገም የምታበጥረው እናቷ ናት፤ የሚለቀስባትም እሷው። አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ሳወርድ ውዬ ስመጣ ተናኜ ርቃ ወጥታ ትቀበለኛለች። እናቷ ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ተሰልፋ ውላ ስትመለስ ግን ቀና ብላም አታያት።

እናቷ የሻሽወርቅ በሳቅ ታልፈው ነበር። «አማቴ ሩቅ ናት ብዬ ስጽናና፣ ከሆዴ ሌላ አማት ወለድኩ» ትል ነበር። ጎረቤታችን ሸምሲያ፣ የወሎዋ ባለሱቅ፣ «አይዞሽ እቴ፣ ሴት ልጅ በልጅነቷ የአባቷ ናት፤ ስትወልድ ወደ እናቷ ትመለሳለች» ብትላት፣ «እስከዚያ በገዛ ቤቴ ደጅ ልጥና?» አለቻት። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የቀበሌያችን ስብሰባ እሁድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴው ሰዓት ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው መገኘት አለበት፤ ሰው ያልላከ ቤት ስኳርና ዘይት ሲታደል ይዘለላል። ሕፃን ይዞ አዳራሽ መግባትም ክልክል ነው። ስለዚህ እኔና የሻሽወርቅ ተራ ገባን። አንድ እሁድ እሷ ስትሰበሰብ እኔ ተናኜን ይዤ የካ ሚካኤል አስቀድሳለሁ፤ በሚቀጥለው እኔ ስሰበሰብ እሷ ልጅቷን ይዛ ታስቀድሳለች።

የኔ ተራ በሰላም አለፈ። የእሷ ሲደርስ ተናኜ እግሬ ላይ ተጠምጥማ «ከአባዬ ጋር ካልሆነ አልሄድም» ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። የሻሽወርቅ ነጠላዋን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ አየችን። እኔ አንድ ቃል ብቆጣ ኖሮ ልጅቷ ትሄድ ነበር። አልተቆጣሁም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ሌላ ስም አላገኘሁለትም። በሌላውም ተራዋ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው የሻሽወርቅ «በሉ ሂዱ፣ ቅዳሴው አይለፋችሁ» ብላ ወደ ቀበሌ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ተራ የሚባል ነገር ቀረ። እኔ ልጄን እጇን ይዤ ነጭ ለብሼ በመገናኛ ሳልፍ ሰው «ምን ያለ አባት ነው» ይለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሚሰርቅ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

አንድ ቀን ስንሄድ ተናኜ «እማዬ ለምን አትመጣም?» አለችኝ። ተራዋን ወስጄባት ነው ማለት ነበረብኝ። «እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አትወድም» አልኳት። ሳላስብ ነው ያልኩት ብዬ መማል አልችልም፤ ልጅቷ ለብቻዬ እንድትሆን ፈልጌ ነበር። በዚያው ቀን ቤት ስንመለስ ለእናቷ «አንቺ ቤተ ክርስቲያን አትወጂም አይደል?» አለቻት። የሻሽወርቅ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ለልጅቷ «እወዳለሁ እንጂ፤ እግሬ ነው ሌላ መንገድ የለመደ» ብላ ወደ መክተፏ ተመለሰች። አላጋለጠችኝም፤ እስክትሞትም ይህን አላነሣችብኝም።

የወፍ በሽታ የያዛት ጊዜ የንስሐ አባታችን አባ ኃይለኪሮስ ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ተናዝዛለች፣ ሥጋ ወደሙንም ተቀብላለች። ይህን በአርባዋ ዕለት ልነግርዎ እችል ነበር። ግን የልጅቷ ቃል ከማን አፍ እንደወጣ ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ።

አሁን ከቤታችን የሚሰበሰብ ሌላ ሰው ስለሌለ እሁድ እሁድ አዳራሹ ውስጥ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ተናኜ በረንዳው ላይ ትጠብቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ስብሰባው ተበትኖ ስንወጣ ሸምሲያ ልጅቷን አጠገቧ አስቀምጣ እናቷን ታነሣላት ጀመር። «እናትሽ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አትቀምስም ነበር» አለቻት። «ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ከሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ስትደርስ፣ ‹ሸምሲያ፣ አሁን ወንጌል ሊነበብ ነው› ትለኝና ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ ትላለች። ሁላችን እንደተቀመጥን እሷ ብቻ ትቆማለች። ሊቀመንበሩ ‹ጓዲት፣ አስተያየት አለሽ?› ይላታል፤ ‹የለኝም ጓድ፣ ወገቤን አሞኝ ነው› ትለዋለች። እኔን እስላሟን ቅዳሴ አስጠናችኝ እኮ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋም ሳያልቅ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

ይህን እኔም አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ከልጄ ጋር የሰማሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ ተናኜ እጄን ለቀቀች። «ታዲያ አንተ አትወድም ያልከኝ ለምንድን ነው?» አለችኝ። «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ፍጠኚ» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጎርሳት «እጅ አለኝ» ትላለች፤ አጠገቤም አትቀመጥም። ማክሰኞ «አያቴ ዘንድ ውሰደኝ፤ እሷ እማዬን ታውቃታለች» አለችኝ። 

እንግዲህ እናቴ፣ የክርስትና ስሟን ለካህኑ ይጥሩላት። ያለ ፍርሃት ይጥሩት፤ ልጅዎ ከእኔ በተሻለ ቆማ ያስቀደሰች ናት። በእኔ ላይ የሚፈርዱትን ይፍረዱ፤ ከእርስዎ የመጣውን እቀበላለሁ። የየሻሽወርቅ አምላክ ጉልበትዎን ያጽና፣ ሐዘንዎን ያቅልልዎ፣ ከደጅዎ ሰላምን አያርቅ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ትናንት ቀትር ላይ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ተናኜን ጠርቼ «ጮክ ብለሽ አንብቢው» አልኳት። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳለች፣ አንዳንዱን ፊደል እየለቀመች ታነባለች። «የነገርኳትም ሐሰት ነው» ከሚለው ስትደርስ ቆመች፤ መልሳ አነበበችውና ቀጠለች። እስከ መጨረሻው አላቋረጥኳትም፤ እሷም ቀና ብላ አላየችኝም። ስትጨርስ ወረቀቱን አጣጥፋ «ለአያቴ የማነብላት እኔ ነኝ» አለች።

ሸምሲያ ዘመዶቿን ልትጠይቅ በደብረ ሲና አልፋ ወደ ደሴ ስለምትሄድ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቻለሁ፤ አሁን ሲነጋ ሁለቱን አብረው አሳፍራቸዋለሁ። ተናኜን ለስንት ጊዜ እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ልብሷን ስቋጥር የትምህርት ቤት ካርዷንም አብሬ ቋጥሬዋለሁ።

የልጅዎ ባል፣
የተናኜ አባት