የቀስተኛዋ ጥሩር

ውድ እታለም፣

በታላቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ጉዳይ አለ፤ ላጲሴ አረፈ። ለአሥራ አንድ ወር በቅንነት ካገለገለኝ በኋላ የጥፍር ያህል ብቻ ቀርቶ ጠረጴዛ ሥር ተገኝቷል። ሥርዓተ ቀብሩም በቆሻሻ ቅርጫት ተፈጽሟል። የሞቱን ምክንያት ከሌላ ሰው ከምትሰሚ እኔው ልንገርሽ፤ ያለቀው አንቺን ሳጠፋበት ነው።

የቀስተኛ ሴቶቹን ተረት በልጅነቴ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ደጋን ለመሳብ እንዲመቻቸው ቀኝ ጡታቸውን የቆረጡትን። «አያማቸውም?» ስልሽ «ያማቸዋል፤ ግን ዒላማ አይስቱም» ትይኝ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሐኪሙ ያንቺን ቀኝ ጡት ሲያነሣ፣ ገና ዓይንሽን ስትገልጪ «በል እንግዲህ፣ ደጋኔን አምጣ!» አልሽኝ። ነርሷ ትኩሳት መስሏት መለኪያ ይዛ ሮጠች። እኔ ሳቅሁ፤ ከዚያ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስሁ።

ስለዚህ ያንን ተረት በሥዕል የሚተርከውን የኮሚክ መጽሐፌን ስጀምር ቀስተኛዋ አንቺ ሆንሽ። የልብስ ስፌት ሱቅሽን ዘግተሽ ከአሮጌ ሶፋ ቆዳ ደረት የሚሸፍን የጦር ልብስ፣ ጥሩር፣ ሰፋሽልኝ፤ በግራ ጎበጥ ያለ፣ በቀኝ ልሙጥ። እሱን ለብሰሽ፣ የመጥረጊያ እንጨት እንደ ደጋን ይዘሽ ሦስት ቅዳሜ ቆምሽልኝ። «ሆዴን ቀንስልኝ፤ አፍንጫዬንም እንደ ፈቀድክ አድርገው። ደረቴን ግን እንዳትነካ፤ አንዴ ተነክቷል፣ ይበቃዋል» አልሽ። ቃል ገባሁ።

ከዚያ አሳታሚው አስገደደኝ። «አካሏ የጎደለ ጀግና ማን ይገዛል?» አለኝ። እኔ ምስኪን ሠዓሊ፣ እሱ የማተሚያ ቤት ጌታ፤ ምን ላድርግ? መቶ አሥራ ሁለቱንም ገጽ ፍቄ ቀኝ ጡት ተከልኩልሽ። ጥሩሩ ሁለት ሳህን የተደፋበት ጠረጴዛ መሰለ። እጄ ከገባ አይቀር እንደ ዘመኑ የኮሚክ ጀግኖች ወገብሽን አስርቤ፣ ልብስሽን አሳጥሬ፣ ወደ ጦር ሜዳ ሳይሆን ወደ መዋኛ የምትሄጂ አስመሰልኩሽ።

በመጽሐፉ ምረቃ ቀን አምስት ጎረቤቶችሽን አስከትለሽ፣ «እኔ እኮ ነኝ!» እያልሽ መጣሽ። መጽሐፉን ገለጥሽ። ደግመሽ ገለጥሽ።

«አንቺ የቷ ነሽ?» አለች አንዷ ጎረቤትሽ።

መነጽርሽን ወለወልሽ። «ይቺን ጥሩር ማን ሰፋት? ደጋኑን ስትስብ ገመዱ ደረቷን ይይዛታል። አንድ ዒላማ አትመታም።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ አፈር ያስበላኝ! ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ተሳስቼ ነው ያመጣኋችሁ፤ እኔ የለሁም» አልሻቸው።

ይኸው ሰባት ሳምንት ስልኬን አታነሺም። ጥሩሩን ብቻ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ላክሽልኝ። ወንበሬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ልሙጡ ጎኑ ወደ እኔ ያያል። አዲስ ላጲስ ገዝቼ ለሁለተኛው እትም አርባ ገጽ ወደ ቀድሞ መልክሽ መልሻለሁ። የቀሩትን ሳልጨርስ ደጅሽን አልረግጥም። ስጨርስ ግን ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ብትፈልጊ በመጥረጊያው እንጨት ተቀበይኝ።

በዳይ ወንድምሽ

እርማት፦ ከላይ በአራተኛው አንቀጽ «አሳታሚው አስገደደኝ» ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ስለሆነ እንደሚከተለው ይነበብ፦ አሳታሚው ምንም አላለም። ይል ይሆናል ብዬ ፈርቼ፣ ሥዕሉን ሳላሳየው በፊት ሁሉንም የፋቅሁት እኔ ነኝ። ሲያየው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያቺ የነገርከኝ ባለ አንድ ጡቷ ቀስተኛ የት ሄደች?»