ሔሊናን እንዳትልካት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ እስክንድር፤ አንተ፣ እማዬና ትንሿ እህታችን ሔሊና እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

እዚህ በሰው አገር፣ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ያለው ምግብ ቤታችን ገበያው ደርቷል። የሥራ ፈቃዴን ያወጡልኝ አሠሪዬ አቶ ዘርአይ ፓስፖርቴን ይዘውልኛል። ከጓዳው አጠገብ ማደሪያ ሰጥተውኛል፤ ቁልፉ እሳቸው ጋ ስለሆነ ስተኛ በሩ ላይ ወንበር አስደግፋለሁ።

ትናንት የሔሊናን ፎቶ አይተው፣ «እሷንም ስፖንሰር አደርጋታለሁ፤ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ» አሉኝ። ቢደውሉልህ አግብታለች በላቸው። ትኬት ቢልኩም እንዳትልካት፤ በእማዬ ይዤሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ አስተናጋጇ ለቲ በመንገደኛ እጅ ትልክልኛለች። በስልክ አትመልስልኝ፤ መልእክቶቼን እሳቸውም ያነቧቸዋል።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ስለ እኔ ከጠየቀችህ፣ «ወፍራለች» በላት።

በናፍቆት የምትስምህ እህትህ፣
የሺሀረግ