እማዬና የጡቡ ጨዋታ

ለምወድሽ እታለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ደጃፍ ይድረስ፤ እኛ ደህና ነን።

የላክሽልኝን ጌም እማዬ ወረሰችው! የእግር ኳሱን «ጩኸት ብቻ» አለችው። የጦርነቱንማ «ይሄን ሁሉ ሬሳ ማን ሊቀብረው ነው?» ብላ አስጠፋችኝ። እኔ የመኪና ውድድሩን የሚያክል የለም ባይ ነበርኩ፤ ተሳስቻለሁ። የጌም ንጉሥ ጡብ ድርደራ ነው፤ ከላይ የሚወርደውን እያዞሩ ያለ ክፍተት መግጠም! ያው ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ክፍተት ባየች ቁጥር «ጨርቅ አታባክን!» ትለኛለች። አንዱን መጫወቻ ለሁለት ነው የምንይዘው። እሷ በግራዋ ትነዳለች፤ ቀኟን ማዞሪያው ቁልፍ ላይ አሳርፍላትና እኔ ከላይ እጫናለሁ።

የስፌት መኪናዋን ለጊዜው ሸፍነነዋል፤ ጌሙ ጊዜ አልሰጣትም። ስትደውዪም በድምፅ ብቻ ይሁን፤ በምስል ከሆነ ጨዋታ ታቋርጪብናለሽ።

ትናንት ሪከርዳችንን ልንሰብር ጥቂት ሲቀረን እጄን ቢያልበኝ ሱሪዬ ላይ ልጠርግ አነሳሁት። ጡቡ ዞረ! እኔ አልነካሁትም እኮ፣ እታለም፤ ቁልፉ ላይ የቀረው የእማዬ ቀኝ እጅ ብቻ ነበር! በጩኸቴ ጎረቤት ሰበሰብኩ፤ ሁሉም ለሪከርዱ መስሏቸው አጨበጨቡ። እማዬ ግን ዓይኗን ከቲቪው ሳታነሳ «ዝም በል፣ ሌላው እየወረደ ነው» አለችኝ።

በይ ደህና ሁኚልኝ። እማዬ በሁለቱም እጇ አቅፋ ትስምሻለች።

ታናሽ ወንድምሽ