ያልተነካ የተባለው የሹፌር ወንበር

እኔ በሰፈሩ «መርፌው» እየተባልሁ የምጠራው የመኪና ወንበር ሰፊ፣ ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ የሆነ፣ እግሮቼ ቢከዱኝም አእምሮዬ ያልከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በመኝታ ክፍሌ ሆኜ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፉልኝ ከፍርድ ቤት በጡረታ የወጡት ጎረቤቴ ናቸው። ምስክሮቼ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ባለሱቋ ናቸው። ልጄና የወንድሜ ልጅ በግርጌዬ ተቀምጠዋል። አእምሮዬን የሚጠራጠር ካለ ያንን መጋረጃ ይመልከት፤ የግራው ጠርዝ የተሰፋው በሌላ ክር ነው፤ ከአልጋዬ ሆኜ ይታየኛል።

አንደኛ። ቤቱ ለልጄና ለወንድሜ ልጅ እኩል ይሁን። የወንድሜ ልጅ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በዚህ ቤት ያደገች፣ አባዬ ብላ የምትጠራኝ ልጄ ናት። ስሙ ይገባኝ እንደሆነ ቃሌን ከጨረስሁ በኋላ ራሷ ትፍረድ።

ሁለተኛ። የስፌት መኪናዎቹ፣ መቀሶቹና ሥራ ቤቱ ለልጄ ይሁኑ። እጇ ከእኔ ይበልጣል፤ እስከ ዛሬ ያልነገርኋት እንዳትኮራብኝ ብዬ ነው። ከኋላ ግድግዳ የተደገፈው መሰላል የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነውና ይመለስለት። አራት ዓመት ሙሉ እያየው ዝም ብሎኛል። (ምስክሩ «ይሉኝታ ይዞኝ ነው፣ ጋሼ» አለ። ተናዛዡ ይህም ይጻፍ ብለዋል።)

ሦስተኛ። በግቢው ያለችው አረንጓዴ ስቴሽን ዋገን የወንድሜ ነበረች፤ አሁንም የልጁ ናት፤ ላወርሳት አልችልም። ላወርስ የምችለው ስለ እሷ የማውቀውን እውነት ብቻ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት አሮጌ መኪናዎች የሚሰበስብ አንድ ሰው ሊገዛት መጥቶ «ውስጧ የፋብሪካ ከሆነ እወስዳታለሁ፤ ከተነካች ግን አልፈልግም» አለ። በዚህ ከተማ የመኪና ውስጥ መነካት አለመነካቱን እንዲፈርድ የሚጠራው እኔ ነበርሁ። ተንበርክኬ መረመርሁ። «ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፤ የሰው እጅ አልነካትም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። የወንድሜ ልጅ ወረቀቱን አንብባ አለቀሰች። «እንግዲያው አባቴ ያረፈበት ወንበር ራሱ ነው። አልሸጥም» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በሹፌሩ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሞተሩን ለማሞቅ እንኳ እጇን በመስኮት አስገብታ ነው የምታስነሳት።

ያ ወረቀት ውሸት ነው፤ ይቀደድ።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሜ በደንበኞቼ ፊት፣ እኔ የፋብሪካ ነው ብዬ የፈረድሁትን የሌላ ሰው መኪና ወንበር ገልብጦ የክር ቋጠሮ አሳየኝ። «ፋብሪካ የክሩን ጫፍ አይቋጥርም፣ በማሽኑ መልሶ ይረግጠዋል። አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?» ብሎ ሳቀ። ልክ ነበር፤ ያንገበገበኝም ልክ መሆኑ ነው። «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» አልሁት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ፣ ከሥራ ቤቱ በር ላይ የወንድሜን መኪና ክላክስ ሰማሁ። ሁለት አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም። ድምፁን አውቄዋለሁ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ነበር። «ይጩህ፤ ሲደክመው ይሄዳል» አልሁ። ረጅሙ ቆመ። አሸነፍሁ ብዬ ስፌቴን ጨረስሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩን ስከፍት መኪናዋ እዚያው ቆማለች፤ ወንድሜም ውስጧ ሞቷል።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። እኔ ለሚስቱና ለልጁ «እንቅልፍ እንደወሰደው ነው ያለፈው» አልኋቸው። ወንበሩን ግን አይቻለሁ። የግራው ጠርዝ ከስፌቱ ተተርትሮ፣ ጨርቁ በጥፍር ተቀዶ፣ ስፖንጁ ወጥቶ ነበር። ወንድሜ ታግሏል፤ እኔ ከበሩ ሃያ እርምጃ ላይ ነበርሁ። ለእርቅ ይምጣ ለእርዳታ አላውቅም። በየቀኑ ከምሳ በኋላ በሐሳቤ እጠይቀዋለሁ። ክላክሱን ይነፋል እንጂ አይመልስልኝም።

ከቀብሩ በኋላ መኪናዋን ላጥባት ብዬ ወሰድሁ። ከኋላው መቀመጫ ሥር የመዳፍ ስፋት ያለው ጨርቅ ቆረጥሁ። ፀሐይ ያላየ ስለነበር ቀለሙ ደመቀብኝ፤ እስኪደበዝዝ ድረስ ጣሪያ ላይ ለሳምንታት አሰጣሁት። የሹፌሩን ወንበር የተቀደደ ጨርቅ አውጥቼ እሱን ተካሁበት፤ በድሮዎቹ የመርፌ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ መልሼ ሰፋሁ። መጨረሻ ላይ እጄ በልማዱ ቋጠረ። ግራኝ ነኝና ቋጠሮዬ ወደ ኋላ ይዞራል። ይህን ያየሁት ለምርመራ በተንበረከክሁ ቀን ነው። ወንድሜ የሳቀበት ዓይነት ቋጠሮ ነው። አይቼው ፈረምሁ።

አንቺ የወንድሜ ልጅ፣ ቃሌን አምነሽ አትቅሪ፤ ራስሽ መርምሪ። የኋላውን መቀመጫ ብታነሺ የጎደለውን ታያለሽ። የተቀደደው ጨርቅ በሥራ ቤቱ፣ የወንበር ቁልፎች በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ልጥለው አልቻልሁም። አባትሽ በመጨረሻ የያዘው እሱን ነው።

አራተኛ። ክላክሱ ተቃጥሏል ያልኋችሁ ውሸት ነው። ሽቦውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ጫፎቹ ከመሪው ሥር በጥቁር ቴፕ ተጠቅልለዋል። (ምስክሩ «ስንቴ ልሥራልዎ ስል እምቢ ያሉኝ ለዚህ ነው?» አለ። ተናዛዡ አዎ ብለዋል።)

አምስተኛ። ልጄ የሥራ ቤቱን በር የውስጥ መቀርቀሪያ ነቅላ ትጣለው። ክላክስ ከሰማች፣ ማን ነው ሳትል ትክፈት።

እኔ ጸሐፊው ከዚህ በኋላ የሆነውን እመሰክራለሁ። ተናዛዡ የወንድማቸውን ልጅ «ምን ትይኛለሽ?» አሏት። እሷ ግን ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዞራ «ሽቦውን ታገናኝልኛለህ?» አለችና ይዛው ወጣች። ብዕሩን ለተናዛዡ ሰጠኋቸው፤ አልፈረሙም። ብዙ ቆየን። ከዚያ ከግቢው ክላክስ ተሰማ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ረጅሙ አልቆመም። ተናዛዡ ከትራሳቸው ቀና ብለው «ክፈቱለት! ኧረ በሩን ክፈቱለት!» እያሉ ጮኹ። ልጃቸው ሮጣ ወጣች። የሥራ ቤቱ የብረት በር ሲከፈት ሰማን፤ ክላክሱም ቆመ። ባለሱቋ በመስኮት አይታ «የወንድማቸው ልጅ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣለች» አለችን።

የወንድማቸው ልጅ ተመልሳ ገባች። የቁልፎቹን ቆርቆሮ በብብቷ ይዛለች። ከአልጋው አጠገብ ተንበርክካ ብዕሩን በግራ እጃቸው አስያዘቻቸው።

«በሩ ተከፍቷል፣ አባዬ» አለች። «ፈርም።»

ተናዛዡ በግራ እጃቸው ፈርመዋል።
ምስክሮች፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ባለሱቋ።
ጸሐፊ፦ ጎረቤታቸው።