አንድ ጣሳ ኮስቲክ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እጅሽ እንዴት ነው? ቁስሉ ሻረልሽ? ራስሽስ እንደምን ከርመሻል? እማዬን ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? ሹፌሩ ባልሽ፣ መንትዮቹ ልጆችሽ፣ ያ ሲከፈት የሚያላዝነው የጓሮ በር ሳይቀር ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ለኅሊናዬ ግን ደህና አይደለሁም፤ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

የሳሙናው ነገር ነው፣ እትዬ። አምና ሳሙና ሠርተሽ ለጎረቤት ልትሸጪ አስበሽ «አንተ ኬሚስቱ፣ አሠራሩን ጻፍልኝ» ስትይኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ሦስት ኪሎ ሞራ፣ አንድ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሙሉ ኮስቲክ ሶዳ» ብዬ ጻፍሁልሽ። ሳሙናው የጎረቤትሽን የልብስ ሰፊዋን መዳፍ ልጦ መርፌ መያዝ እንዳቃታት፣ ያንቺም ጣቶች እንደቆሰሉ፣ ሴቶቹ ካንቺ የገዙትን በየተራ እያመጡ ደጃፍሽ ላይ እንዳስቀመጡት ነገርሽኝ። እኔ ምን ብዬ መለስሁልሽ? «እትዬ መቼም ችኩል ነሽ፤ በደንብ ሳታማስዪው ቀርተሽ ነው።» አንቺም አመንሽኝ። ድስቱን ሰቅለሽ ሥራውን እርግፍ አድርገሽ ተውሽው። እማዬም «የልጄ እጅ ለሥራ አልታደለም» እያለች በየቤቱ ታወራለች አሉ።

እንግዲህ እውነቱን ስሚ። እኔ ኬሚስት አይደለሁም፤ የሳሙና ፋብሪካው ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ነኝ። «ላቦራቶሪ ገባሁ» ብዬ የጻፍሁት ውሸት አልነበረም፤ በእርግጥ ገብቻለሁ፣ ከነብሩሼ ከነባልዲዬ። ከዚያ ወዲያ እማዬ ኬሚስት ብላ ስትሾመኝ ሹመቱን ለመመለስ ልቤ አልቆረጠም። ያንን አሠራር የቀዳሁትም ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ቆሜ፣ ዞር ዞር እያልሁ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሦስት ኪሎ ሞራ አቅልጣ ኮስቲኩን በቲማቲም ድልህ ጣሳ ስትሞላ አየሁ። ጣሳው ሚዛን ላይ ተቀምጦ እንደነበር ግን አላየሁም፤ ጀርባዋ ጋርዶት ነበር።

ነገሩ ሲከነክነኝ ጊዜ ኃላፊዋን አስተምሪኝ ብዬ ለመንኋት። ቆጣ ያለች ሴት ናት፤ ሆኖም ጠያቂ አትመልስም። ቅዳሜ ከሰዓት ከሀ ሁ አስጀመረችኝ። ቁስ ማለት ቦታ የሚይዝና ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ነው አለችኝ። በዚህ ስሌት እኔም ቁስ ነኝ፤ ቦታ ይዣለሁ፣ ክብደቴ ግን ያጠራጥራል። ከዚያ ቀጥላ፣ የሚይዘው ቦታ ሌላ ክብደቱ ሌላ ነው፣ ጣሳ የሚነግርህ አንዱን ብቻ ነው ስትለኝ ላንቺ የጻፍሁት ጣሳ ትዝ አለኝ።

ያንቺን ጉዳይ አነሳሁባት፤ የራሴን ድርሻ ሸሽጌ፣ እህቴ ሳሙና አበላሽታ ብዬ። ምክንያት ሊሆን ይችላል የምትለውን ሁሉ ጻፍ አለችኝ። ማማሰሉ፣ ውሃው፣ ሞራው እያልሁ ደረደርሁ። ከሥር በደቃቅ ፊደል «አሠራሩን የጻፈው ሰው» ብዬ ጨመርሁ። ወረቀቱን አየት አድርጋ «እንዲሆን የማትፈልገውን ቀድመህ ፈትነው፤ ለምትወደው ግምት ዓይንህ ራሱ ያዳላል» አለችኝ።

ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብሁት። ለካ ገበያ ያገኘሽው ኮስቲክ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል ድቡልቡል መሆኑን ጽፈሽልኝ ኖሯል! እዚህ ላቦራቶሪ ያየሁት ስስ ቅርፊት ነው። ያን ጊዜ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ኃላፊዋ ድቡልቡሉን ከመጋዘን አስመጣችልኝ፤ ጓንት አጥልቄ ያንኑ ጣሳ በቅርፊቱ ሞልቼ መዘንሁ፣ አራት መቶ አሥር ግራም። በድቡልቡሉ ሞልቼ መዘንሁ፣ አምስት መቶ አርባ። በአንድ ልኬት አይታመንም ብላኛለችና አምስት አምስት ጊዜ ደጋገምሁት። ቁጥሩ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላል እንጂ ሊምረኝ አልቻለም። ቅርፊቱ እርስ በርሱ ተደጋግፎ በመካከሉ ክፍተት ይተዋል፤ ድቡልቡሉ ተጠጋግቶ ይሞላል። ያው ጣሳ ነው፤ ኮስቲኩ ግን በሲሶ ያህል በልጧል። ሞራው ሊጨርሰው ያልቻለው ትርፍ ነው እጃችሁን የበላው። ዓመት ሙሉ ብታማስዪው ያው ነበር።

እትዬ፣ ጥፋቴን ባንቺ አላከክሁ። ባለማወቄ አይደለም የምቃጠለው፤ ሳላውቅ እንዳወቀ ሰው በመፍረዴ ነው። በቆሰለ እጅሽ ላይ እንጨት ሰደድሁበት።

ለኃላፊዋ ሁሉን ስነግራት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ በወደድሁ። የላቦራቶሪ ደብተር ላይ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም አለችኝ፤ አንድ ቀጭን መስመር ይሠመርበትና ትክክለኛው ጎኑ ይጻፋል፣ ስህተቱም እንደተነበበ ይኖራል። ስለዚህ የአምናውን ደብዳቤ ቅደጂው አልልሽም። መስመር አሥምሪበትና ጎኑ ላይ «በሚዛን አራት መቶ ግራም፣ ከዚያ አይለፍ» ብለሽ ጻፊበት። ሥራውን ብትመለሺበት ደስታዬ ነው፤ ባትመለሺም አልፈርድብሽም።

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ፤ ኬሚስት ልጅ እንደሌላት፣ እጀ ወርቅ ልጅ ግን እንዳለቻት ንገሪያት። ባልሽን እንደምን ሰነበትህ በይልኝ። መንትዮቹን አንዷንም ሳታስቀሪ አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ አንዷን ሁለት ጊዜ እንዳትስሚ ደግሞ ተጠንቀቂ።

ልብስ ሰፊዋን ግን በሰላምታ ብቻ አላልፋትም። ይህን ደብዳቤ ለእሷ ስጫት። ሳሙናሽን የመለሱት ሴቶች በተሰበሰቡበት፣ እማዬም ባለችበት፣ ጮክ ብላ ታንብበው። አንቺ አንብቢው የማልልሽ ስለማውቅሽ ነው፤ ልጅ ሳለሁ የሰበርሁትን ሁሉ «እኔ ነኝ» እያልሽ ትገረፊልኝ ነበር። አሁንም እኔን የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርሺ አልፈሽው ትሄጃለሽ። እባክሽ እትዬ፣ ይቺን አንድ ጊዜ እንኳ አትሸፍኚልኝ።

ጠርሙስ አጣቢው ወንድምሽ

ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከሠራተኞች ማደሪያ
ኅዳር ፲፰ ቀን