«ፍለጋ» የተባለውን አድራሻ ስለሰረዙልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ፣ ስሙ ዘንድሮ ለረዘመው ቢሮ የበላይ ኃላፊ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ነው እያልኩ፣ ከስብሰባ ስብሰባ የሚያመላልስዎ መኪና እንዳይበላሽ፣ በስብሰባውም መሃል መብራት እንዳይጠፋብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሳሌም እንዳለ እባላለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሕፈት የምሠራ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ ደጃፍ ተመላልሼ ስለደከመኝ ነውና ድፍረቴን ይለፉልኝ።

ባያስታውሱትም አልቀየምም እንጂ፣ ድረ ገጾችዎ በኪራይ በሚቀመጡበት በቢሮዎ የሆስቲንግ አካውንት ላይ ከዋናው ድረ ገጽ ሌላ «ፍለጋ» የሚባል ንዑስ አድራሻ ነበር። ንዑስ አድራሻ ማለት በአንድ ግቢ ውስጥ ላለ ቤት የራሱን በር እንደማውጣት ነው። በድባጤ ወረዳ በተነሳው ግርግር ከዘመዱ የተለያየ ሰው በዚያ በር ገብቶ የጠፋበትን ሰው ፎቶና የራሱን ስልክ ያስቀምጥ ነበር። አድራሻው አጭር ስለሆነ ሕዝቡ በቃሉ ይዞታል፤ ሹፌሮች ለተሳፋሪ ይነግሩታል፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን በርም ተለጥፏል። በእሱ የተነሳ የተገናኙ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ።

ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፤

፩ኛ. አዲሱ መዋቅር በጸደቀ ማግስት፣ እንደ ታፔላውና እንደ ማህተሙ ሁሉ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ንዑስ አድራሻ እንዲወጣለት ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ዛሬ ንብረት ክፍሉም ስምሪት ክፍሉም የየራሳቸው በር አላቸው። ገብቼ ጎበኘኋቸው፤ ሁሉም «በግንባታ ላይ» ይላሉ። ታላቁ ግድብ ካለበት ከጉባ ቀጥሎ በክልላችን ይህን ያህል ግንባታ ያለበት ቦታ አላውቅም።

፪ኛ. የተገዛው የሆስቲንግ ጥቅል የሚፈቅደው የንዑስ አድራሻ ቁጥር ሞልቶ አንዱ መሰረዝ ሲኖርበት፣ ጉዳዩን በኮሚቴ ስላስመረመሩ አመሰግናለሁ። ኮሚቴውም «ፍለጋ» በመዋቅሩ ውስጥ ባለቤት የለውም ብሎ ይሰረዝ አለ። እውነቱን ነው፤ ልጅ የጠፋባት እናት በየትኛውም መዋቅር ላይ የሥራ መደብ ኖሯት አያውቅም።

፫ኛ. ገጹ አልጠፋም፣ ወደ አዲስ አድራሻ ተዛውሯል ስለተባልኩም አመሰግናለሁ። እንደ ቢሮው ስም የረዘመውን አዲሱን አድራሻ፣ ቀኑን ሙሉ በጽሕፈት የምውለው እኔ እንኳ ሳልሳሳት ጽፌው አላውቅም። ከሆሞሻ የመጣ ገበሬ በቃሉ ይዞት ይመለሳል ብሎ ያሰበ ሰው ካለ ተስፈኝነቱን አደንቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀብኝ። ወይዘሮ ቃናኒ የሚባሉ የባምባሲ እናት አሉ። ልጃቸው ሌንጂሳ ለቀን ሥራ ድባጤ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ፎቶውን በ«ፍለጋ» ላይ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። አድራሻው ከመሰረዙ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደውሎ፣ ፎቶውን የሚመስል ወጣት ቻግኒ ከተማ አግኝቶ እንደነበር ነገረን። የእናቱ ስልክ ያኔ በሹፌሩ እጅ ስላልነበረ «ፍለጋ» ላይ ግባ፣ እናትህን ታገኛለህ ብሎት ተለያይተዋል። ልጁ ሌንጂሳ ከሆነ፣ ወደ እናቱ የሚያደርሰው ያ እርስዎ የሰረዙት አድራሻ ብቻ ነው። ይህን ለጸሐፊዎም፣ ለምክትልዎም፣ ለጥበቃዎም ነግሬአለሁ፤ ያዘነልኝ ጥበቃው ብቻ ነው።

ፋይሎቹ ዛሬም አካውንቱ ውስጥ አሉ። ከባዶዎቹ በሮች አንዱን ሰርዞ «ፍለጋ»ን እንደገና መፍጠርና ፎቶዎቹ ወዳሉበት ፎልደር እንዲያመራ ማድረግ፣ የቀረበልዎ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው። የስምሪት ክፍሉ አድራሻ ቢሰረዝ መኪኖቹ መንገድ አይስቱም።

ጊዜ አግኝተው ያነቡታል ብዬ ሳልጠብቅ፣ ቢያነቡት ግን ቅር እንዳይልዎ እየለመንኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ድካም ጋር እሰናበታለሁ።

ሳሌም እንዳለ
በመዋቅሩ ውስጥ የሌለች

ማስታወሻ፦ የተሰረዘ አድራሻ የሚከፍት ሁሉ ወደ ዋናው ገጽ እንዲዞር ተደርጓል። ሰሞኑን ወይዘሮ ቃናኒ መጥተው የለመዱትን አድራሻ ስከፍትላቸው፣ የልጃቸው ፎቶ በነበረበት ቦታ በከረባት የተነሱት የእርስዎ ፎቶ ወጣ። ማንበብ አይችሉምና እርስዎም የጠፉ ሰው መስለዋቸው፣ ትኩር ብለው ካዩዎት በኋላ «ምስኪን፣ ለእናቱ ያብቃው» አሉ። እኔም አሜን ብያለሁ።